ሰው የሌለበት መሬት

ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ሹም ሲያይ የሚታጠፍ ምላስ አልነበረውም።

አንድ ቀን አቶ ደምመላሽ የሚባሉ ኃላፊ ክራቫታቸውን አስረው መንደራችን መጡ። ወደ ጨረቃ የምትላክ ባለ ጎማ ሮቦት መለማመጃ ቦታ ያስፈልጋታል አሉ። ጥቁር ድንጋያማው መሬታችን ደግሞ ቁርጥ ጨረቃን ይመስላል ተብሎ ተመርጧል። ግቢያችን ገብተው እንደተቀመጡ ወረቀት ዘረጉ።

«ጨረቃ ላይ ሰው የለም። እዚህም ሰው እንደማይኖር ፈርምና በሳምንት ውስጥ ቤቱን አፍርስ፤ ሮቦቷ ልትመጣ ነው» አሉት።

ባለቤቴ እስክሪብቶውን ተቀበላቸው። «እሺ ጌታዬ። ብቻ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ቅድም አጥሩ ጋ ቆመው ‹ቤቶች!› እያሉ የተጣሩት ማንን ነበር?»

ኃላፊው ዞረው አጥሩን አዩ።

«እንግዲህ ጨረቃም ላይ ይሂዱና ‹ቤቶች!› ይበሉ» አላቸው ባለቤቴ። «መልስ የሚሰጥዎ ካጡ፣ መሬታችን ጨረቃን አይመስልም ማለት ነው። ‹ይግቡ› የሚልዎ ካገኙ ደግሞ፣ እባክዎ እዚያው ይክረሙ።»

ወረቀቱ ሳይፈረም ተመለሰ። ይህንንም የምጽፈው እዚያው ቤት ተቀምጬ ነው።