የአራተኛ ፎቅ የልብ ሐኪም

ፕሮፌሰር ልሳነወርቅ ዝነኛ የልብ ሐኪም ነበሩ፤ ዝናቸውን ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት ግን ራሳቸው ነበሩ። በሽተኛ ሲቀርባቸው መጀመሪያ የት የት አገር እንደተማሩ ይተርኩለታል። ሕመሙን የሚጠይቁት ጊዜ ከተረፈ ነው።

አንድ ጠዋት በተማሪዎቻቸው ተከበው ሳለ አንዲት የጉልት ነጋዴ ቀጠሮዋ ካለፈ በኋላ ግድግዳ እየተደገፈች ገባች። በላብ ተጠምቃለች፤ ትንፋሽም አጥሯታል።

«አንቺ ሴትዮ!» አሉ ፕሮፌሰሩ። «እኔ ግማሽ ዕድሜዬን ባሕር ማዶ ስለ ልብ ስማር አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም። ለዚህም ነው እዚህ ክፍል ውስጥ እስከ ዛሬ አንድም በሽተኛ ያልሞተው! አንቺ ግን እንደ ገበያ በፈለግሽው ሰዓት ትመጫለሽ። በይ፣ ለምን እንዳረፈድሽ ለእነዚህ ተማሪዎች አስረጂ። በቂ ምክንያት ከሌለሽ ቀጠሮሽ ከክረምት በኋላ ነው።»

ሴትዮዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ሁሉም ጠበቋት።

«ግቢው ውስጥስ የደረስኩት በማለዳ ነበር» አለች። «የልብ ሕክምና አራተኛ ፎቅ ነው አሉኝ። ሊፍት ልገባ ስል ጥበቃው ‹ይሄ የሐኪሞች ነው፤ በሽተኛ በደረጃ ነው የሚወጣው› ብሎ መለሰኝ። ትንሽ ስወጣ ስቀመጥ፣ ትንሽ ስወጣ ስቀመጥ ሰዓቱ አለፈ። ደረጃው ላይ የወደቁ ሌሎች በሽተኞችዎንም ተሻግሬ ነው የመጣሁት።»

ተማሪዎቹ አቀረቀሩ። ሴትዮዋ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«አሁን ነው የገባኝ ጌታዬ። እርስዎ ክፍል ሰው የማይሞተው፣ የሚሞተው ሁሉ ደረጃው ላይ ስለሚቀር ነው።»