ረቡዕና ዓርብ የሚነሳበት ሸማኔ

አንድ ሸማኔ ነበረ። ስንዱ፣ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም፤ «አባ፣ የእናቴ እጅ መንቀጥቀጡ በክኒን ሲቆምላት ‹ይሄ እጅ የክኒኑ እንጂ የኔ አይደለም› ብላ መድኃኒቱን ልትተው ነው፤ ልክ ናት ወይ?» ነው ያልሽኝ። የምመልስልሽ በዚህ ሸማኔ ነውና አረፍ በይ።

ሸማኔው በአገሩ የታወቀ ባለሙያ ነበር። ጥለቱን ያየ ሁሉ የማን እጅ እንደሆነ ሳይነገረው ያውቅ ነበር። አንድ ዓመት ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀጥሎ እግሮቹ ሸማ በሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ እንደተተከሉ ቀሩ፤ ተነሱ ቢላቸው አይነሱም። መወርወሪያው ከእጁ ይወድቃል። ፊቱ እንኳ ከመድረቁ የተነሳ ሲስቅ አያስታውቅም። ጎረቤቱ ግማሹ ቡዳ በላው አለ፣ ግማሹ መጠጥ ጀምሯል ብሎ አማው። እሱን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነበር። ወንድሞቹ የሸማ መሥሪያውን ነቅለው ለሌላ ዘመድ ለመስጠት ይመካከሩ ነበር። ያ እንጨት ከተነቀለ እሱም ከሰው ተራ የሚወጣ መሰለው።

በሁዳዴ መግቢያ ከተማ ወርዶ ሆስፒታል ታየ። ሐኪሟ፣ «አባቴ፣ አንጎል ውስጥ ለእጅ ለእግር ትእዛዝ የሚያደርስ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ እርስዎ ዘንድ አንሷል። ይህ ክኒን አንጎል ገብቶ እሱን ይተካል። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይዋጡት» አለችው። ዋጠ። ጾም ነውና ሆዱ እስከ ከሰዓት ድረስ ባዶ ነው። መድኃኒቱ ሠራ። እጁ ረጋ፣ እግሩ ታዘዘ፣ አገሬውም ጉድ አለ።

ፋሲካ ገባ። ሚስቱ ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን አልጋ ላይ ሊጥለው ነበር። «ይህን የመሰለ ኃይለኛ መድኃኒት በባዶ ሆድ? አንጀትህን ሊጨርሰው!» አለችና ከክኒኑ በፊት ወተት፣ እንቁላል፣ የሥጋ መረቅ ታቀርብለት ጀመር። እኛ አገር መድኃኒት ከባድ ነው ከተባለ ምግብ ደራርበን እናጅበዋለን፤ ማን ያስጥለናል? ሸማኔው እየበላ ዋጠ፤ እንደገናም ደረቀ። ቢጨንቀው ማንንም ሳያማክር ክኒኑን እጥፍ አደረገው።

የሃምሳው ቀን ፍስክ አልፎ የረቡዕና የዓርብ ጾም ሲመለስ ጉድ ፈላ። በሌላው ቀን እንደ ግንድ የሚቀመጠው ሰው፣ ረቡዕና ዓርብ ትከሻውና አንገቱ ሳያዛቸው ይውረገረጋሉ። አፉ አያርፍም። ገበያ ወጥቶ የማያስፈልገውን ፈትል እየተሻማ ይገዛል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ይጣላል። መንደሩም ፈርዶ ጨረሰ፤ ቀን ለይቶ የሚነሳበት ዛር ነው ተባለ። እኔ በበኩሌ ጾም የሚወድ ዛር ሰምቼ አላውቅም። ሚስቱ «ያገባሁት ይሄን ሰው አይደለም» ብላ አለቀሰች። እሱም ራሱን ፈራ፤ በፍስኩም በጾሙም ቀን ራሱን አጥቶት ነበር።

ወደ ሐኪሟ ተመልሶ አንድም ሳይደብቅ ነገራት፤ እጥፍ ማድረጉንም ተናዘዘ። እሷ ረቡዕና ዓርብ የሚለውን ስትሰማ ብድግ አለች።

«በሌላው ቀን ከክኒኑ ጋር ምን ይበላሉ?»

«ወተቱንም፣ እንቁላሉንም… ሚስቴ ታውቅበታለች።»

«አዩ አባቴ፣ ይህ ምግብና መድኃኒቱ ወደ አንጎል የሚገቡት በአንድ በር ነው። ምግቡ ቀድሞ ሲጋፋ ክኒኑ ውጭ ይቀራል። በጾም ቀን በሩ ክፍት ነውና እጥፉ ሁሉ ዘው ይላል። መውረግረጉም፣ ግዢውም፣ ጠቡም የመብዛቱ ነው።»

መጠኑን ወደ ቀድሞው መለሰችለት። ክኒኑ ይቅደም፣ ምግቡ ቆየት ብሎ ይምጣ አለችው። ይህንን ለሚስቱ ቢነግራት «ሐኪሟ አብስላ አታበላህ!» ብላ ምክሩን ችላ አለችው።

እሑድ ወንድሞቹ የሸማ መሥሪያውን ሊነቅሉ መጡ። ሚስቱ ዶሮ ሠርታ ነበር። ሸማኔው ክኒኑን በውኃ ዋጠና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ገበታው ሲቀርብ ሚስቱ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አፉ ላይ ደረሰች።

«አፈር ስሆን፣ እቺን ብቻ!»

«አልጎርስም።»

የሚስትን ጉርሻ በሰው ፊት መመለስ ቀላል ነገር አይደለም።

«እጄን ናቅኸው?» አለች፣ እንባዋ መጥቶ።

«አልናቅሁትም። አስቀምጪልኝ፤ ሸማዬን ሠርቼ እጎርሳታለሁ።»

ታላቅ ወንድሙ ዳግም ሸማ የሚሠራ አልመሰለውምና አንገቱን ደፋ፤ አዘነለት። ወንድሞቹ በልተው እጃቸውን ታጥበው የሸማ መሥሪያውን ገመድ ሊፈቱ ሲነሱ፣ ሸማኔው ጣቶቹ ሲላሉለት ተሰማው። ማንም ሳይደግፈው ብድግ አለ። ጉድጓዱ ገብቶ እግሩን መርገጫው ላይ አኖረ። ረገጠ። መወርወሪያውን በቀኙ ወረወረ፣ ግራው ቀለበው። ደግሞ ወረወረ። ተቋርጦ የነበረውን ጥለት ካቆመበት ቀጠለው፤ ቀለሙን እንኳ አልተሳሳተም። ደስ ሲል! ታላቅ ወንድሙ ገመዱን የያዘ እጁን ሰበሰበ። ሚስቱ እንባዋን ሳትጠርግ እልል አለች፣ ጎረቤቱም ከየደጁ ተቀበላት። ሸማኔው ጥለቱን ሲጨርስ ቀና አለና «በይ አሁን አምጫት» ብሎ አፉን ከፈተ።

አየሽ ስንዱ፣ ያ ንጥረ ነገር ሲያንስበት በገዛ አካሉ ተቆልፎበት ነበር፣ ሲበዛበት ደግሞ ከራሱ ወጥቶ ሄደ። በልኩ ሲሆን ግን ራሱ ተመልሶ መጣ። ጥለቱን የሚያውቀው ሸማኔው እንጂ ክኒኑ አይደለም። የእናትሽም እጅ እንዲሁ ነው፤ የምትሰፋውን የሰፌድ ቀለም አመራረጥ መድኃኒት ቤት አይሸጡትም። ሂጂና ክኒኑን ሐኪም እንዳዘዘው ስጪያት። አመሏ የተለወጠ ቢመስልሽ አትደብቂ፣ ለሐኪሙ ተናገሪ። እጇ ሲረጋ ስፌቷን ጭኗ ላይ አኑሪላት፤ ትንሽ ከሰፋች በኋላ «እማዬ፣ ይሄ የማን እጅ ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። እሷው ትመልስልሻለች።