ጅብ ያነጠፈው የቁርበት መንገድ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት እንደ ሰው ከተማ ቆርቁረው እንደ ሰው በሚካሰሱበት ዘመን፣ ቡላ የምትባል አህያ ነበረች። የግራ የፊት እግሯ ከጉልበቷ በታች ደርቆ አይታጠፍላትም። ስትሄድ አንዴ ጎንበስ፣ አንዴ ቀና ስለምትል፣ የማያውቃት ለመንገደኛው ሁሉ እጅ የምትነሳ ይመስለዋል። ቤቷ ከኮረብታው ግርጌ፣ ከምንጩ አጠገብ ነው። ጋጣዋ ጠባብ ናት፤ ግን ውኃው በደጇ ያልፋል። እግሩ ለማይታዘዝለት ከዚህ የበለጠ ምን ርስት አለ?

ታዲያ አያ ጅቦ ይህችን ጋጣ ተመኛት። ጋጣዋን ነው ወይስ ባለጋጣዋን? እሱን ለሆዱ ተዉለት። ብቻ «የአያቴ ርስት ናት» ብሎ ከሰሳት።

የከተማዋ ሸንጎ የሚቀመጠው ከኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። አንበሳ እዚያ፣ ከበሬ ቆዳ በተሠራ ጠፍር የተጠለፈ ዙፋኑ ላይ ሆኖ ይፈርዳል። ሕጉም አንድ ነው፤ በቀጠሮው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዙፋኑ ፊት ያልቆመ፣ ንጉሥ ይሁን ጭሰኛ፣ ተረታ። ወደ ጫፉ የሚያወጣው ደግሞ ቀጥ ያለ የድንጋይ ደረጃ ብቻ ነው፤ ፍየል እንኳ አማትባ የምትወጣው።

ቡላ ከመጀመሪያው ደረጃ ሥር ቆማ አናፋች። ምን ማናፋት ብቻ! ላይ ያንቀላፋው አንበሳ ከዙፋኑ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ማናት እሷ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ! ቀጠሮ አለኝ፣ መውጫ የለኝም!»

አንበሳ ክፉ አይደለም፤ ብቻ ከላይ ላለ ታች አይታይም። «ቀጠሮዋ ለሚመጣው የገበያ ቀን ይዛወርላት። እስከዚያ እግሩ ለማይታዘዝለትም፣ ዓይኑ ለማያይለትም የሚመች መንገድ ይሠራ!» ብሎ አዘዘ።

ጅብ ማንም ሳይቀድመው ዘሎ ተነሳ። «እኔ አለሁ ጌታዬ! ማንንም መጠየቅ አያሻም። እኔስ አላነክስም እንዴ? እስኪ አረማመዴን እዩልኝ!» ብሎ በሸንጎው መሃል ወዲያና ወዲህ አነከሰ። እውነትም ጅብ ከተፈጠረ ጀምሮ ኋላው ከፊቱ ያጠረ ነው፤ ሸንጎው አጨበጨበለት።

ቀበሮም ቀጠለች። «እኔ ደግሞ ማየት አለመቻል ምን እንደሆነ ልየው» ብላ ዓይኗን ጨፍና አንድ ዙር ዞረች። አንዲት ዶሮ ከተቀመጠችበት ስትደርስ ብቻ አንዱን ዓይኗን ገለጥ አደረገች። «ቀመስኩት። ጨለማው ያን ያህልም አይደል» አለች።

«እኔንስ አትጠይቁኝም?» ብላ ቡላ ከታች ጮኸች።

ቀበሮ አንገቷን በደረጃው አሰገገች። «አንቺማ የሚሠራልሽ ነሽ። ሙሽራ ለራሷ ሰርግ ወጥ ትሠራለች እንዴ? አርፈሽ ጠብቂ!»

በዚህ መሃል ከቡላ እግር ሥር አፈሩ እብጥ አለና ፍልፈል ብቅ አለች። ፍልፈል አታይም፤ ጆሮዋ ግን መሬት ለመሬት ወሬ ይለቅማል። «ስሜን ሳያነሱ ስለኔ የሚያወሩት እነማን ናቸው?» አለች።

«ቀበሮ ናት። ዓይኗን ጨፍና አንቺን ሆናልሻለች።»

«እንግዲያው ራቷንም እንደኔ ሥር ቆፍራ ትብላ!»

ሥራው ተጀመረ። ጅብ ደረጃውን እንዳለ ተወውና በላዩ ላይ ጥሬ ቁርበት አነጠፈበት። «ለእግር ለስላሳ መሆን አለበት» ይላል። መደገፊያውን ደግሞ በአጥንት አቆመው። ቁርበቱን ሲያነጥፍ ታዲያ ጫፍ ጫፉን ይቀምሳል። «ምን እያደረግህ ነው አያ ጅቦ?» ሲሉት፣ «ጥራቱን እያየሁ ነው!» ይላል። የአጥንቱም ጥራት እንዲሁ ሲታይ ሲታይ፣ መጀመሪያ ለበሬ ቁመት የነበረው መደገፊያ ለፍየል ሆነ፤ ኋላም ለጥንቸል ቀረ።

ቀበሮም አልሰነፈችም። ከመንገዱ መግቢያ ካለው ቋጥኝ ላይ በቀይ አፈር ትልቅ ቀስት ሣለች። «ይሄ ለፍልፈል ነው። መንገዱ በየት እንደሆነ አይታ እንድትወጣ» አለች። ኧረ እናንተዬ፣ የሳቀባት እንኳ የለም!

የገበያው ቀን ደረሰ። ጠዋት ዝናብ ዘንቦ አባራ። አንበሳ መንገዱን ሊመርቅ፣ ቡላንም ራሱ ይዟት ሊወጣ ከላይ ተነሳ፤ ጎፈሩን አራገፈ፣ ደረቱን ነፋ፣ አንድ እግሩን ቁርበቱ ላይ አሳረፈ። ጥሬ ቁርበት ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሁለተኛውን እግር ማሳረፍ አላስፈለገውም። «ምነው መንገዱ ሄደብኝ!» እያለ ቁልቁል ተንሸራተተ። ጅራቱን ይዛ ላስቀረው ያለችው ቀበሮም ተከትላው ወረደች። የጥንቸል ቁመት ያለውን መደገፊያ እንደ ድርቆሽ እያጨዱ መጥተው ከቡላ እግር ሥር ተዘረሩ።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» አለች ቡላ።

አንበሳ ሊነሳ ሲል ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሏል። «ውይ እግሬን! ወደ ላይ አውጡኝ!»

ማን ያውጣው? በየት በኩል? ጅብ ከላይ ቁልቁል ተመለከተ፤ ዞሮም ባዶውን ዙፋን ተመለከተ። በሕይወቱ አንድ ነገር ሳይበላ ያሰበው ያን ዕለት ነው።

«ስሙኝማ!» አለ። «ዛሬ ቀጠሮ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዙፋኑ ፊት ያልቆመ፣ ንጉሥ ይሁን ጭሰኛ፣ ተረታ! አህያ ጋጣዋን፣ አንበሳም ዙፋኑን ይለቃሉ!»

«አንተ ሆዳም! ንጉሥህ ነኝ እኮ!»

«ሕጉን እርስዎ አይደሉም ያወጡት? እኔ ምን ላድርግ ጌታዬ?» ብሎ ጅብ ሄዶ ዙፋኑ ላይ ጉብ አለ።

ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀመረች። ቀበሮ ጭቃዋን እየጠረገች፣ «ሌላ ኮሚቴ ይቋቋም ጌታዬ። እኔ አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ...» ስትል፣

«ገልጠሽ ዝም በይ!» አለና አንበሳ ወደ ቡላ ዞረ። «አንቺ ዳገት እንዴት ነው የምትወጪው?»

የቡላ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። በዚህች ከተማ ስትኖር እንዲህ ብሎ የጠየቃት አንድም የለም። «ዳገትን ቀጥ ብለው ከገጠሙት ይጥላል ጌታዬ። እያዞሩ ነው። ኮረብታውን እንደ መቀነት የሚዞር፣ ለስላሳ የአፈር መንገድ ባገኝ እወጣዋለሁ።»

«ለስላሳ?» አለች ፍልፈል። «ለስላሳ ከሆነ ዳሩ የት እንደሆነ በምን ላውቅ ነው? ሻካራ ይሁን እንጂ!»

«ሻካራማ ከሆነ እሰናከላለሁ!»

«ለስላሳ ከሆነ እኔ ገደል እገባለሁ!»

«አንቺ እንኳ ብትገቢ ቆፍረሽ ትወጫለሽ!»

«እናቶቼ፣ ፀሐይዋ!» አለ አንበሳ።

ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው፣ መሃሉ ለስላሳ፣ ዳርና ዳሩ ጠጠር ይሁን ተባባሉ። «ለእርስዎስ ምን ይሻልዎታል ጌታዬ?» አለች ቡላ።

አንበሳ ሐፍረት ያዘው። «ማረፊያ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መሃል መሃል ላይ ቁጭ የምልበት።»

ፍልፈል መሬቱን ስትደበድብ ዘመዶቿ ተጠራርተው መጡ፤ ኮረብታው እንደ ገንፎ ይፈላ ጀመር። ቡላ በጤነኛ እግሯ እየረገጠች የቱ ላይ እንደከበዳት፣ የቱ ላይ እንደቀለላት ትናገራለች። ቀበሮ ጠጠር ትለቅማለች፤ ያውም ሁለት ዓይኗን አፍጥጣ። አንበሳ ቆሞ መሥራት ስላቃተው አፈሩ ላይ እየተንከባለለ ደለደለው። የንጉሥ ሆድ ለዚህ ሥራ ይሆናል ብሎ ያሰበ ማን ነበር?

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስንጥር ሲቀራት ተያይዘው ወጡ። አንበሳ ቡላን ተደግፎ፣ ፍልፈል ጠጠሩን በእግሯ እየዳሰሰች፣ በየማረፊያውም ትንሽ እየተነፈሱ ከጫፉ ደረሱ።

ጅብስ? ዙፋኑ ላይ እንደተቀመጠ የጠፍሩ ሽታ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎት ነበር። «ጥራቱን ልየው እንጂ» ብሎ አንዱን ጠፍር መዘዘ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን፤ ጨረሰው። የቀረው የእንጨቱ ክፈፍ ብቻ ሲሆን መቀመጫው ቁልቁል ሾለከና፣ አራት እግሩ ወደ ሰማይ ቀርቶ ተሰነቀረ። ንጉሥ የሆነው ለአንድ ጉርሻ ነው።

«ተከሳሽ ከዙፋኑ ፊት ቁሚ» አለ አንበሳ። ቡላ ቆመች። «ከሳሽስ?»

«አለሁ! ከእኔ በላይ ለዙፋኑ የቀረበ ማን አለ?»

ፍልፈል ሄዳ ዙፋኑን በጢሟ ዙሪያውን ዳሰሰችው። «ይሄማ ከዙፋኑ ፊት አይደለም ጌታዬ፤ ከውስጡ ነው» አለች። ያኔ ፀሐይዋ ጥልቅ አለች።

«እንግዲያው ከሳሽ አልቀረበም፤ ተረታ። ጋጣዋ የቡላ ናት!»

«እሺ ተረታሁ! ብቻ አውጡኝ!» አለ ጅብ እያለቀሰ።

ቀበሮ ዘላ ገባች። «በጆሮው ይጎተት፤ እኔ አውቃለሁ!» አንበሳ «ከኋላው ይገፋ!» አለ። አንዷ ስትጎትት አንዱ ሲገፋ ጅብ ይበልጥ እየተሰነቀረ፣ ጩኸቱ አገሩን አናወጠው።

«ቆዩ እስኪ» አለች ቡላ። ጎንበስ ቀና እያለች ሄዳ ከአጠገቡ ቆመች። «አያ ጅቦ፣ የያዘህ የት ላይ ነው?»

ጅብ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ አፍንጫውን ሳብ አድርጎ፣ «ግራ ዳሌዬ ላይ» አለ። «ወደ ቀኝ ጋደል ብታደርጉኝ እወጣለሁ።»

ጋደል አደረጉት፤ ወጣ። ሲመለስም በአዲሱ መንገድ፣ ይህን ጊዜ ከልቡ እያነከሰ፣ በየማረፊያው ቁጭ እያለ ወረደ አሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ መንገድ የሚሠራለትን ሳይጠይቅ መንገድ የሚሠራ፣ እሱንም ሳያሻግር ራሱም ከመንገድ እንደሚቀር ነው።