የገዛ ቅልጥሙን የሰበረው ጅብ

አንድ ጊዜ ጅብ አህያን ሲያሳድድ የግራር እሾህ የኋላ እግሩን ወጋው። አህያዋ አመለጠች። እሾሁን በጥርሱ ቢስብ ተሰበረና ግማሹ ሥጋው ውስጥ ቀረ። በሦስተኛው ቀን እግሩ አብጦ መግል ቋጠረ፤ ትኩሳትም ያንቀጠቅጠው ጀመር። ጅብ እግሩን ካጣ አደኑ አበቃ፤ የሚጠብቀው በረኃብ መሞት ነው። ስለዚህ እያነከሰ ወደ ቀበሮ ሄደ። ቀበሮ ሐኪም ነኝ ትላለች፤ ማን እንዳስተማራት ጠይቆ መልስ ያገኘ ግን የለም።

«እመት ቀበሮ፣ አድኚኝ!» አላት።

«ዋሻህ ውስጥ አንድ የሞተ በሬ አለ ይባላል፣ አያ ጅቦ» አለች በቅድሚያ።

«ግማሹን ውሰጂው!»

ነገሩ እንዲህ ከተቆረጠ በኋላ ነው እግሩን ያየችው። የቀረውን እሾህ ነቀለች፣ ቁስሉን አጠበች፤ ከዚያም «የእኔ ሥራ አለቀ። የቀረውን የሚሠሩት የራስህ ወታደሮች ናቸው» አለችው።

«የምን ወታደሮች?»

«ነጭ የደም ሕዋሳት ይባላሉ። የሚወለዱት አጥንትህ ውስጥ፣ መቅኔህ ውስጥ ነው።»

ጅብ ደስ አለው። «መቅኔንማ እንደኔ ማን ያውቀዋል!»

«አንተ የምታውቀው የሌላውን ነው። አሁን ስለ ራስህ ስማኝ። መቅኔህ ውስጥ እናት ሕዋሳት አሉ፤ ራሳቸውን እየከፈሉ ልጅ ያወጣሉ። ልጁ ሲወለድ ድቡልቡል ነው፤ ምንም አያውቅም። እየቆየ ሆዱ ጀርም በሚገድል መርዝ ይሞላል፤ መሣሪያው ያ ነው። ከዚያ በመሃሉ ያለው ክብ ፍሬ ይጎብጥና ሦስት አራት ቦታ እንደ መቁጠሪያ ይቋጠራል። ያን ጊዜ በጠባብ ቀዳዳ ተጣጥፎ ከደም ወደ ሥጋ መሹለክ ይችላል። ይህ ሁሉ ዐሥር ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ቀድመው የበሰሉት ወጥተው እየተዋጉልህ ነው፤ ይህ የምታየው መግል አብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። ተተኪዎቹ እስኪደርሱ ተኛ፣ ውኃ ጠጣ፣ እግርህን አትንካ።»

ጅብ ዋሻው ገብቶ አራት ቀን ተኛ። እብጠቱ ጎደል፣ ትኩሳቱም በረድ አለ። ቀበሮ በየጠዋቱ እየመጣች ቁስሉን ታያለች፤ ስትጨርስም ከበሬው ግማሿን ትበላለች። ግማሿ ታዲያ በየቀኑ እየሰፋች ትሄድ ነበር።

በአምስተኛው ቀን አህያዋ በዋሻው ደጅ ስታልፍ ቆም አለች።

«አያ ጅቦ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዛሬ አይሮጡም?» ብላ እዚያው ሣሯን መጋጥ ጀመረች። ሰብታለች። ጅብ ብድግ ቢል እግሩ አልረግጥ አለው፤ ምራቁን ዋጠና ተመልሶ ተኛ።

ጥቂት ቆይታ ቀበሮ ስትመጣ፣ «የታሉ ወታደሮቼ?» ብሎ ጮኸባት።

«እየበሰሉ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ የኔ እግር ይበሰብሳል! ልጆችም ቢሆኑ ወጥተው ይዋጉ!»

«ሳይበስል የወጣ ጀርሙን ቢያገኘውም አይገድለውም፤ መሣሪያው አልሞላማ። ደግሞ እግርህ እየዳነ ነው፣ አይታይህም?»

ጅብ የሚያየው እግሩን አልነበረም፤ የአህያዋን ዳሌ ነበር። ቀበሮ ድርሻዋን ልትበላ ወደ ውስጥ ስትገባ ብቻውን ማሰብ ጀመረ፤ ጅብ ብቻውን አስቦ ደህና ነገር ላይ የደረሰበት ቀን የለም።

«ወታደሮቹ አጥንት ውስጥ ተዘግቶባቸዋል» አለ። «አጥንት መክፈት ደግሞ ከኔ ወዲያ ማን ያውቅበታል?»

የታመመ እግሩን ቅልጥም በመንጋጋው ያዘና ነከሰው። አጥንቱ ቀጭ አለ። «ውጡ!» ሊል አፉን ሲከፍት መቅኔው ምላሱን ነካው። ክፉ አመል ነውና ላሰው። ሕመሙ እንባውን እያፈሰሰው፣ እሱ ግን መላሱን ማቆም አልቻለም፤ ጠርጎ ጨረሰው።

ቀበሮ የአጥንቱን ድምፅ ሰምታ ሮጣ ስትወጣ የአጥንቱ ውስጥ ባዶ ሆኗል። እውነት ለመናገር አዘነች፤ ሊድን የቀረው ጥቂት ቀን ነበር።

«እመት ቀበሮ፣ በሩን ከፈትኩላቸው» አላት ጅብ እየተንቀጠቀጠ። «ታዲያ የት ሄዱ?»

«ሆድህ ውስጥ ናቸው» አለችው።

በተሰበረው አጥንት በኩል ጀርሙ እንደ ልቡ ገባ፤ ጅብም ሳምንቱን ሳይጨርስ ሞተ።

ከዚህ የምንማረው ሊያድነን በውስጣችን እየበሰለ ያለውን ነገር ጊዜው ሳይደርስ በጉልበት እናውጣው ካልን፣ ከጠላታችን ቀድመን የምናጠፋው እኛው ራሳችን መሆናችንን ነው።