ኮከቧን አልሰጥም ያለችው አህያ

አንድ ጊዜ ቀበሮ እሜቴ ዳልቻ የምትባለውን አሮጊት አህያ አታለላት። ስሙ ከመጀመሪያው ይጠራ፤ ማፈር የሚያውቅ ከሆነ ይፈር።

ይህ ቀበሮ ድሮ ዶሮ ሌባ ነበር። በኋላ መሮጡ ሰለቸውና ስልክ ላይ ቻናል ከፍቶ ነጋዴ ሆነ። ጉድጓዱ ውስጥ ተጋድሞ የዕቃ ፎቶ ይለጥፋል፤ ከሥሩ «ኦርጂናል! ያሉበት እናደርሳለን!» ብሎ ይጽፋል። ዕቃ አድራሹ አያ ጅቦ ነው።

እሜቴ ዳልቻ ደግሞ የመንደሩን እህል ወፍጮ ቤት የምታመላልስ ኩሩ አሮጊት ነበረች። ያን ሁሉ ዘመን ስትጫን ጀርባዋ ላይ አንድም ቀን ቁስል ወጥቶ አያውቅም። «ገጣባ» የሚለው ስድብ ለሌላ አህያ ይሁን እንጂ እሷን የሚነካ አልነበረም። ነገሩ የኩራት ብቻም አይደለም፤ በዚያ አገር ጀርባዋ የደማ አህያ ዕድሜዋ አጭር ነው። ደም የሸተተው ጅብ ከኋላዋ አይጠፋም።

ዘንድሮ ከጭነቱ ሥር የምታደርገው መደላድል አርጅቶ ተተረተረ። ጎረቤቷ እመት ጦጢት ስልኳን ይዛ እየዘለለች መጣች።

«እሜቴ፣ ይኸው ተገኘልዎት! ሱፍ የተሞላ መደላድል። ፎቶውን ይዩት እንዴት እንደሚያምር!»

«ፎቶ ጭነት ይችላል?» አለች ዳልቻ።

«ኧረ የገዙት ሁሉ አመስግነዋል። አንድ እንኳ የሚያማርር የለም።»

ዳልቻን ያሸነፋት ይህ ቃል ነው። ደውዪልኝ ብላ ቀበሮን ራሷ ጠየቀችው።

«እውነተኛ ሱፍ ነው?»

«እማማዬ፣ እርስዎን ዋሽቼ የት እገባለሁ? የበግ ሱፍ ነው። በጉንም በቅርብ አውቀዋለሁ!»

ለክረምት ያስቀመጠችውን ገብስ ላከችለት።

በሦስተኛው ቀን አያ ጅቦ መደላድሉን በአፉ አንጠልጥሎ አመጣ። ጨርቁ የፎቶው ጨርቅ፣ ቀለሙም የፎቶው ቀለም ነው። «ተቀብያለሁ ብለሽ ፈርሚ» አላት። በኮቴዋ ረገጠችለትና መደላድሉን አድርጋ፣ እህሉን ተጭና ሄደች። ወፍጮ ቤት ሳትደርስ ጀርባዋ እሳት የነካው ያህል ይለበልባት ጀመር። እንደምንም ተመልሳ እመት ጦጢት ስፌቱን ብትፈታው፣ ሱፍ የተባለው ጭድ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም አሜኬላው ያልተለቀመለት ጭድ። ጀርባዋ ሁለት ቦታ ደምቷል።

አያ ጅቦ ለካ አልሄደም። ከቁጥቋጦ ሥር ተጎልቶ፣ ምራቁን እየዋጠ፣ «እንዴት ነው እሜቴ፣ ተስማማሽ? ደማሽ?» ይላል።

ዳልቻ ደሟ ፈላ። «ደውዪልኝ!» አለቻት ጦጢትን። ቀበሮ ከስንት ጥሪ በኋላ አነሳ።

«ማነሽ?»

ከመግዛቷ በፊት «እርስዎ» ነበረች፤ ገብሱ ከገባለት በኋላ «አንቺ» ሆና አረፈችው።

«ዳልቻ ነኝ። ጀርባዋን በእሾህ ያስወጋሃት ዳልቻ።»

«ማዘር፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ቻናሉ ላይ ተጽፏል።»

«እኔ ማንበብ አልችልም። አንተ የምትችል አንብብልኝ እስቲ፣ እሾህ ሱፍ ነው የሚል የቱ ጋ ነው የተጻፈው?»

«እሺ፣ እሺ፣ አትቆጪ። እንለውጥልሻለን። መጀመሪያ ግን ኮከብሽን ስጪን።»

የዳልቻ ሁለት ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። ለእሷ ኮከብ ማለት የራስ ስምና የእናት ስም ተደምሮ የሚቆጠረው ነው፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ ዕድል የሚያስዘጋው።

«ኮከቤን? ለየትኛው ጠንቋይ ልትወስደው ነው? ጀርባዬን ልጠህ አልበቃህ ብሎ ዕድሌን ልታስር?»

«ኧረ ማዘር፣ ስልኩ ላይ የሚነካ ነገር ነው! አምስቱን መንካት ብቻ!»

«አምስትም አለህ? አልነካም!»

«ሁሉም እኮ ሰጥተዋል!»

«እናት ሳትመክራቸው ያደጉ ይስጡህ!»

ቀበሮ ስልኩን ዘጋ። ደግመው ቢደውሉ ብሎክ አድርጓታል።

እመት ጦጢት በሳቅ ፈነዳች። «እሜቴ፣ ይሄ ኮከብ ያ ኮከብ አይደለም። ዕቃው ጥሩ ነው ብሎ መመስከሪያ ነው፤ ሌላው ገዢ እሱን አይቶ ያምናል።»

ዳልቻ ግን አልሳቀችም፤ ይባስ ብላ ተንጨረጨረች። «ይህማ ከጥንቆላም ይብሳል! እሾህ ለብሼ፣ ደሜ ሳይደርቅ፣ ሱፍ ነው ብዬ ልመስክር? አንቺስ ሰጥተሽው ታውቂያለሽ?»

የጦጢት ሳቅ ጠፋ። «እኔማ መስታወት አዝዤ ቆርቆሮ መጣልኝ። ኮከብ ስጪና እንለውጥልሽ አለኝ። ሰጠሁ።»

«ተለወጠልሽ?»

«አልተለወጠልኝም።»

«ታዲያ እኔን ግዢ ስትይኝ?»

«ተሞኘሁ ማለቱ አሳፈረኝ፣ እሜቴ» አለች ጦጢት መሬት መሬት እያየች።

ዳልቻ የተፈታውን መደላድል አሰፋቻትና በአፏ ነክሳ፣ ያንኑ ዕለት ወደ አንበሳ ችሎት ሄደች። አያ ጅቦም ጥቂት ራቅ ብሎ ተከተላት።

አንበሳ በልቶ ጠግቦ ከሾላው ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ነበር። ቀበሮንም መንደርተኛውንም አስጠርቶ «በአጭሩ» አለ።

«ጌታዬ» አለ ቀበሮ ስልኩን አንስቶ፣ «አራት መቶ ኮከብ! ያላመሰገነችኝ ይህቺ አሮጊት ብቻ ነች። ነገረኛ ናት።»

«ነገረኛ ነኝ፤ ነገር አለኝና» አለች ዳልቻ። «ኮከብ የሰጡት እዚሁ ናቸው። ይጠየቁ።»

አንበሳ ዙሪያውን ቃኘ። በቅሎ ሰማይ ሰማይ አየች። ጥንቸል ጆሮውን አጥፎ ቁጭ አለ።

ይህን ጊዜ ዳልቻ ከቀበሮ ዞር ብላ ወደ እነሱ ጮኸች። «በሉ እንጂ! አፋችሁ ለእሱ ሲከፈት ለእኔ ምን ዘጋው? ቀበሮን አምኜ የገዛሁ መሰላችሁ? ቀበሮን ማን ያምናል! እናንተን አምኜ ነው የገዛሁት፣ እናንተን!»

መጀመሪያ የወጣችው እመት ጦጢት ናት። «ለእኔ ቆርቆሮ ነው የላከልኝ» አለች። በቅሎ ቀጠለች፦ «የእኔ ቃጭል ምላስ የለውም።» ጥንቸልም፦ «አራት ጫማ አዘዝኩ፤ አራቱም የግራ ናቸው» አለ። ከዚያ በኋላ የሚያስቆመው ጠፋ።

«ቅናት ነው!» አለ ቀበሮ። «አድራሼ ይጠየቅ!»

አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ ቀረበ። «ዕቃው እጅግ ጥሩ ነው፣ ጌታዬ። ይህን መደላድል ያደረስኩላቸው አህዮች ሁሉ ደምተዋል!»

አንበሳ ያን ጊዜ ተነሥቶ ተቀመጠ። «ጥሩ ከሆነማ» አለ ቀበሮን እያየ፣ «አንተ ልበሰው። እኔ ከላይህ እቀመጥበታለሁ፤ ምቾቱን ልየው።»

መደላድሉን ጀርባው ላይ ጣሉበት። አንበሳ ገና አንድ እግሩን ሲያነሳ ቀበሮ መሬት ላይ ተለጥፎ ጮኸ፦ «እሾህ አለው! ጌታዬ፣ እሾህ አለው!»

«ሰማችሁ» አለ አንበሳ። «ነገ ጎህ ሲቀድ የእሜቴ ዳልቻ እውነተኛ ሱፍ ደጇ ይድረስ። የሌሎቻችሁም ዕቃ በሳምንት ውስጥ ይለወጥ። በማታለል የተወሰደው ኮከብ ሁሉ አሁኑኑ፣ እዚሁ ፊቴ ይጥፋ።» ቀበሮም አንድ በአንድ ሲያጠፋ ዋለ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አያ ጅቦ አዲስ መደላድል ይዞ ዳልቻ ደጅ ደረሰ። «ፈርሚ» አላት እንደ ልማዱ።

«ቁም» አለችው።

ስፌቱን በጥርሷ ፈታች። አፍንጫዋን ከታ እስከ ታችኛው ጥግ ድረስ አገላበጠችው፤ ከላይም ሱፍ፣ ከመሀልም ሱፍ፣ ከሥርም ሱፍ ነው። እመት ጦጢትን ጠርታ መልሳ አሰፋቻት፤ ያን ጊዜ ኮቴዋን አንስታ ረገጠችለት። አያ ጅቦ አንገቱን አስግጎ ጀርባዋን ቢያይ ቁስሉ ደርቋል። ዳልቻም እህሏን በለስላሳው ሱፍ ላይ አስጭና፣ አንዴም ዞር ብላ ሳታየው ወደ ወፍጮ ቤት መንገድ ገባች።

ከዚህ የምንማረው የእኛ እንዲቃናልን ብለን ወይም መሞኘታችንን ልንደብቅ ብለን መጥፎውን ጥሩ ነው ካልን፣ ለጎረቤታችን ጀርባ እሾህ የምንሰፋው እኛው ራሳችን መሆናችንን ነው።