ምሳር ማቀፊያ

በደጋው ጫፍ፣ ጽድ ከለበሰው ጋራ ሥር ምሳር ማቀፊያ የሚባል ጉብታ አለ። በጥቅምትና በኅዳር ማልዶ በዚያ ያለፈ እንግዳ ጉድ ያያል፤ ጢማቸው በአመዳይ የነጣ ጎልማሶች የሱፍ ባናቸውን ገልጠው፣ የምሳራቸውን ብረት ከገላቸው ለጥፈው፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ቆመዋል። ምነው ቢሏቸው «ይሙቅ ብለን ነው» ይላሉ እንጂ አይስቁም። እንግዳው ግን ይስቃል፤ ነገሩን እስኪሰማ ድረስ ነው ታዲያ።

እንደሚነገረው ከሆነ፣ በዚያ አገር አሰግደው የሚባል እንጨት ቆራጭ ነበረ። ክንደ ብርቱ ነው፤ አፉም ከክንዱ አያንስም። አንድ ዓመት የደብሩ ምሰሶ በስብሶ ሊወድቅ ሲል ሰው ሁሉ ተጨነቀ፣ እሱ ግን ከሰንበቴው መካከል ብድግ ብሎ «ለኅዳር ሚካኤል አዲስ ምሰሶ ካላቆምኩ ወንድ አይደለሁም!» ሲል ፎከረ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ፎክሮ ሳያበቃ ውርጩ ወረደ፤ እንዲያ ያለ ውርጭ ከዚያ በፊት አልታየም ይባላል። ባቄላው በቁሙ ጠቆረ፣ የግንበኛው ጭቃ ሳይለሰን ደረቀ፣ ቆራጩም አናጢውም ረፋድ ካልሆነ ከቤቱ አልወጣም አለ፤ ቀኑም እንዲሁ አለቀ። ሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው አሰግደው ታናሽ ወንድሙን ጥላዬንና ጥቂት ጎረቤቶቹን ቀስቅሶ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ወደ ጋራው ወጣ።

አብረው ከወጡት አንዱ አያ ቢተው የሚባሉ ሸምገል ያሉ ቆራጭ ነበሩ። የአሰግደውን ምሳር ነካ አደረጉና እጃቸውን መንጭቀው አነሡ።

«ተው አሰግደው፣ ፀሐይ ትውጣለት። ብረትም እኮ ይበርደዋል።»

«እንግዲያው ባናዎን ያልብሱልኛ!» አላቸው፤ ሰዎቹም አውካኩ። ለምሰሶ የመረጡት ጽድ ወደ ገደል እንዳይወድቅ ከጫፉ የታሰረውን መጫኛ ይዞ የቆመው ጥላዬም ሳቀ።

አሰግደው ምሳሩን አንሥቶ አንዴ መታ። የተሰማው እንጨት የመታ ምሳር ድምፅ አልነበረም፤ ገል የተሰበረ ነው የሚመስለው። ዛቢያው እጁ ላይ ቀረ፣ የስለቱ ግማሽ ግን የለም። ወዴት እንደ ተፈናጠረ መሬት መሬቱን ሲፈልጉ፣ ጥላዬ ቀስ ብሎ ቁጭ አለና «ወንድምዓለም፣ በረደኝ» አለ። ያልበረደው ማን ነበርና! ሳቁበት። ኧረ የፈጣሪ ያለህ፣ ሳቁበት! ከጎኑ ያለው ነጭ አመዳይ ሲቀላ መጀመሪያ ያየው አሰግደው ነው። ሮጦ አቀፈው፣ ባናውን ደረበለት፣ በትንፋሹ ሊያሞቀው ሞከረ፤ ምን ያደርጋል፣ ፀሐይ ጋራውን ሳትነካው ጥላዬ አለፈ። አሰግደው ያን ቀን እንባ አልወጣውም ይላሉ። ዛቢያውን እያገላበጠ «አንዴ ብቻ እኮ ነው የመታሁት፤ አንዴ ብቻ» ይል ነበር።

በዚያ ዘመን ሕግ፣ ሳያስበውም ቢሆን ነፍስ ያጠፋ ሰው አገር ይለቃል፤ የሟች ወገን ይቅር ካላለው በቀር። ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎች ጉብታው ላይ ተቀመጡና የሟቹን እናት የሻረግን አስጠሩ። ባሏ ሞቷል፤ ከሁለቱ በቀር የወለደችው የለም። አሰግደው ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ተደፋ።

«ይሂድ ወይስ ይቅር? ቃሉ ያንቺ ነው» አሏት።

የሻረግ ከተደፋው ልጇ ቀና ብላ ሽማግሌዎቹን አየች።

«ምን ልበላችሁ እናንተው? ደመኛዬም ልጄ፣ ደም መላሼም ልጄ! አንዱን አፈር አለበስኩት፤ ይሄንን ደግሞ ለማን ልስጠው? አይሄድም። ግን እኔ ሁለቱንም በገላዬ አሙቄ ነው ያሳደግኋቸው፤ እሱም ብረቱን በገላው ያሙቀው። ሳይሞቅ እንዳይመታ። ፍርዴ ይኸው ነው።»

ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ተያዩ፤ እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምተው አያውቁም። ቢሆንም አጸደቁላት። ምሰሶው ለሚካኤል አልደረሰም፤ የቆመው በጥር ነው።

ከዚያ በኋላ አሰግደው አዲስ ምሳር አስቀጥቅጦ፣ በውርጭ ጠዋት ሁሉ ጉብታው ላይ ምሳሩን አቅፎ ይቆማል፤ የሻረግም ወጥታ እጇን ከባናው ሥር ሰድዳ ብረቱን ትዳስሳለች።

«ሞቀ እማዬ?»

«ገና ነው።»

ብረቱ እንደ ሰው ገላ ሞቆ እንኳ «ገና ነው» ትለዋለች፤ ፀሐይ ወጥታ አመዳዩ ካልረገፈ ሞቋል ብላው አታውቅም ይባላል። አሰግደውም አንድ ቀንም አልተከራከራትም። መጀመሪያ ጓደኞቹ ከሩቅ ያዩት ነበር፤ ኋላ አንድ አንድ እያሉ መጥተው ከጎኑ ቆሙ።

የሻረግ ያረፈች ዕለት፣ አሰግደው ለቅሶኛውን አልፎ ምሳሩን እንዳቀፈ ከመደቧ አጠገብ ተንበረከከ፤ እንደ ወትሮው ብረቱን ታይለት ብሎ እጇን አንሥቶ አኖረበት። ያን ጊዜ የበረደው እጇ ነበረ።

ዛሬም በዚያ ጉብታ ብረቱን እናት ወይም ሚስት ሳትዳስስ ምሳር የሚያነሣ የለም፤ ሁለቱም የሌሉት ጎረቤት ለምኖ ያስወጣል። ቢሞቅም ባይሞቅም፣ የሴቶቹ የመጀመሪያ መልስ «ገና ነው» ነው።