የማር ቋጠሮና የጥርስ ትል

«ልጅ ሲያለቅስብሽ ጣፋጭ ነገር በጨርቅ ቋጥረሽ አጉርሺው፤ ዝም ይልልሻል።»

ይህን ያሏት አማቷ እማማ ደብሪቱ ናቸው፤ ያኔ ትርንጎ ገና ሙሽራ ነበረች። ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ፤ ነገሩ በድሮ ዘመን ነው፣ ትል እንደ ሰው ሲናገር። ትርንጎ ዝምተኛ፣ እማማ ደብሪቱ ደግ፣ የጥርስ ትል ደግሞ ሆዳም ነበር።

ትርንጎ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሙዳይ አለቻት። እህል ስትፈጭ ሙዳይ አለቀሰች። ማር ቋጥራ አጎረሰቻት። ሙዳይ ዝም አለች፤ ቋጠሮውን እንደጎረሰች ተኛች።

ጥርስ በቀለ። በነጭነቱ አልቆየም፤ ጠቆረ።

«አንተ ትል፣ ምን በደልኩህ?» አለች ትርንጎ፣ በልጇ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ።

«ኧረ ምን በድለሽኝ! ቀላቢዬ!» አለና ሳቀ።

ማሩን ተወች። ሸንኮራ ጨምቃ በጭማቂው የነከረችውን ጨርቅ አጎረሰቻት። ሙዳይ ዝም አለች። ሌላውም ጥርስ ጠቆረ።

«ሸንኮራም ትበላለህ?»

«የአገዳ ልጅ ነው ብዬ አልንቅም!»

ሸንኮራውን ተወች። እማማ ደብሪቱ ከገበያ ስኳር አመጡላት። «እይው፣ እንደ ጥርስ ነጭ ነው። ነጭ ነጭን አይጎዳም።» ስኳር ቋጠረች። ሙዳይ ዝም አለች። የቀረውም ጠቆረ።

«እትዬ ትርንጎ» አለ ትሉ ጠግቦ፣ «እኔ የጣፋጩን ዘር ማንዘር አልጠይቅም። የንብም ይሁን የአገዳ፣ ደስ የሚለኝ አፍ ውስጥ ሲውል ሲያድር ነው። አንቺ ደግሞ ማዕዴን አንስተሽብኝ አታውቂም።»

«ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ?»

«መች ጠየቅሽኝ? ምን በደልኩህ ነው ያልሽኝ።»

ትርንጎ መድኃኒት ፈለገች፤ አጣች። ሙዳይ ከልጆች ጋር ቆሎ ልትበላ አንዷን ፍሬ ነከሰች፤ ጮኸች። ከዚያ ወዲያ ስትስቅ እንኳ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሕመሙ ሲብስባት ታለቅሳለች፤ እያለቀሰች የምትለምነው ግን ያንኑ ነው፦ «እማዬ፣ ቋጠሮዬን።»

ትሉ አልተቀጣም፣ ልጆቼ። በልቶ፣ ወፍሮ፣ ተደላድሎ ኖረ። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ደህና አይደለም፤ አፍ ውስጥ የሚያድር ጣፋጭም፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ የትል ቀለብ ነው።

በኋላ ትርንጎ ወንድ ልጅ ወለደች። አንድ ጥርስ እንዳበቀለ አለቀሰ። እማማ ደብሪቱ ማሩን ይዘው ብቅ አሉ። ትርንጎ ማሩን አልተቀበለችም። ያንን አሮጌ ጨርቅ ፈትታ አጠበችው፤ በንጹሕ ውኃ ነክራ በጣቷ ላይ ጠቀለለችው። ልጁ እያለቀሰ፣ ሙዳይ አፏን ሸፍና እያየች፣ አንዷን ጥርሱን ቀስ አድርጋ ጠረገችለት።